ቀትር ላይ የሚጠወልግ ቲማቲም፦ ውሃ ከመጨመርህ በፊት

ወንድሜ፣ «አዳማ ባለው ግሪንሃውሴ ውስጥ ጥቂት የቲማቲም ተክሎች ቀትር ላይ እየጠወለጉ ማታ ይነሳሉ፤ ውሃ ልጨምር ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እባክህ ቧንቧውን ለጊዜው ተወው። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ይህንኑ አይቼ የጠብታ መስኖውን ሰዓት አስረዘምኩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ከመስመሩ ግማሹን ነቅዬ ጣልኩ።

የአዳማ ሙቀት ሰውን ያታልላል፤ ሁሉም ነገር ጥም ይመስለዋል። ጥም ቢሆን ግን ከአንድ ቱቦ የሚጠጡት አብረው በጠወለጉ ነበር። የጠብታው ቀዳዳ አለመደፈኑን እይ። ካልተደፈነና ጎረቤቶቹ ቀጥ ብለው ቆመው አንዱ ብቻ፣ ያውም ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን፣ አንገቱን ከደፋ በአፈር የሚተላለፈውን የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ ጠርጥር። እ.ኤ.አ. በ2012 በደቡብ የዝንጅብል ማሳዎችን ያወደመው በሽታም ከዚሁ የባክቴሪያ ወገን የመጣ ነው።

ለማረጋገጥ ምላጭና ጥርት ያለ ብርጭቆ ይበቃሃል። ከግንዱ ግርጌ፣ ከአፈሩ ትንሽ ከፍ ብለህ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቁረጥ። ብርጭቆውን ንጹህ ውሃ ሞልተህ የታችኛው ጫፍ ብቻ እንዲነከር፣ ወለሉን ሳይነካ አንጠልጥለው፤ አትነቅንቀው። ባክቴሪያው ካለ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከቁርጡ ወተት የመሰለ ነጭ ክር እየተንጠባጠበ ይወርዳል። እኔ በሻይ ብርጭቆ ነበር የሞከርኩት፤ ባለቤቴ ያንን ብርጭቆ እስከ ዛሬ ወደ ኩሽና አላስገባችውም።

ክር ካልወጣ ተክሉን ነቅለህ ሥሩን እይ። እንደ እባጭ ያበጠ ከሆነ የሥር ትል ነው። የታችኛው ቅጠል በአንድ ጎኑ ቢጫ ሆኖ፣ ግንዱ ሲሰነጠቅ ውስጡ ቡናማ መስመር ካሳየህ ደግሞ ፉዛሪየም የሚባለው ሻጋታ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ካልሆንክ መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከአንተ ሩቅ አይደለም፤ ናሙናውን ይዘህ ሂድ።

ክሩን ካየህ ተክሉን ከነሥሩና በዙሪያው ካለው አፈር ጋር በከረጢት አውጣ፤ በመስመሮቹ መሃል እየጎተትክ አይደለም። ኮምፖስት ውስጥም አትክተተው። ምላጩንና መቀሱን በበረኪና አጽዳ፤ እጅህንና ጫማህን ታጠብ። የሚያድን መድኃኒት አለኝ ለሚልህ ነጋዴ ገንዘብህን አትስጥ፤ የተያዘ ተክል አይድንም። በዚያ አፈር ላይ ድንች፣ በርበሬ ወይም ቲማቲም ለጊዜው አትድገም።

ከዛሬ ጀምሮ ቀትር ላይ ዞር በልና የጠወለገውን ሁሉ ቀይ ጨርቅ እሰርበት፤ ማታም ተመልሰህ እየው። የብርጭቆውን ውጤት ስትጽፍልኝ፣ የታመመው ተክል በቱቦው ላይ ከውሃው መግቢያ ስንተኛ እንደሆነም ጨምርበት።