«ደምሪ» ተብሎ ለምን ይቀነሳል?

ጥያቄ፦ የልጄ የፊዚክስ የቤት ሥራ እንዲህ ይላል፦ «3 ኪሎግራም ኳስ በሰከንድ 4 ሜትር ወደ ቀኝ፣ 2 ኪሎግራም ኳስ በሰከንድ 1 ሜትር ወደ ግራ ሲሄዱ ተጋጩ። ሞመንተማቸውን ደምሪ።» እሷ 12 እና 2ን ደምራ 14 ጻፈች። መምህሯ በቀይ ሰርዘው 10 አደረጉት። ታዲያ «ቀንሺ» መባል አልነበረበትም?

መልስ፦ አልነበረበትም። «ደምሪ» ትክክል ነው። ደመረን ከጨመረ ጋር ስለምናምታታው ነው እንጂ።

ደመረ ከግእዝ ጀምሮ አንድ ላይ ማድረግ፣ መቀላቀል ማለት ነው። መስከረም 16 ደመራው ሲደመር ያስታውሱ። እንጨቱ ከዚህም ከዚያም ይመጣል፣ አንድ ላይ ይቆማል። መደመር ይሄ ነው። አንድ ላይ የመጣ ሁሉ ግን አያበዛም። 12 ሺህ ብር ይዘው 2 ሺህ ብር ዕዳ ካለብዎ፣ ሁለቱ ሲደመሩ የእርስዎ 10 ሺህ ብቻ ነው።

የኳሶቹም እንደዚሁ ነው። ሞመንተም መጠነ ቁስ (ኪሎግራሙ) በፍጥነት ተባዝቶ የሚገኝ ሲሆን አቅጣጫም አለው። ቀኝን ፖዘቲቭ ካልን ግራ ኔጋቲቭ ነው። ስለዚህ 12 እና −2 ይደመራሉ፤ 10 ይሆናል፣ ወደ ቀኝ።

ልጅዎን ያሳሳታት «ደምሪ» ሳይሆን በሞመንተም ትርጉም ውስጥ ያለው «ፍጥነት» የሚለው ቃል ይመስለኛል። በዕለት ተዕለት አማርኛችን ፍጥነት አቅጣጫ የለውም። ትራፊክ ፖሊስ ሾፌሩን በፍጥነት ሲከሰው ወደ ቦሌ ይሂድ ወደ መርካቶ ግድ የለውም። ለዚህ ነው ለተማሪ ስንጽፍ «ፍጥነት ከነአቅጣጫው» ማለት ያለብን። በአንድ ቃል ብትረዝምም ልጅን ከቀይ እስክሪብቶ ታድናለች።

«ተጋጩ» የሚለውን ደግሞ በጣም ወድጄዋለሁ። ነከሰ ብሎ ተናከሰ እንደሚባለው፣ ገጨ ብሎ ተጋጨ። አንዱ በሌላው ላይ ማለት ነው። «መኪናው ከዛፍ ጋር ተጋጨ» ሲባል «ዛፉ ምን አደረገ?» ብለው የሚቆጡ አሉ። ዛፉማ መኪናውን በእኩል ኃይል መልሶ ይገፋዋል! ኒውተን በ1687 ያሳተመው ሦስተኛው የእንቅስቃሴ ሕግ ይሄው ነው።

ኳሶቹ ሲጋጩ ተጣብቀው ቀሩ እንበል። 5 ኪሎግራም ሆነው (10 ለ5 ሲካፈል) በሰከንድ 2 ሜትር ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። የትልቁ ሞመንተም ከ12 ወደ 6 ወረደ፤ የትንሹ ከ−2 ወደ 4 ወጣ። አንዱ 6 ሰጠ፣ ሌላው 6 ተቀበለ። ድምሩ ያው 10 ነው።