ጣርማ በር ላይ ሲጢጥ የምትል መኪና
የአንባቢያን ጥያቄ፣ የመኪና ወንበር ሰፊው መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሸዋሮቢት ነው፤ ሽንኩርትና ማሾ እነግዳለሁ። ከስድስት ወር በፊት አዲስ አበባ ሄጄ ያገለገለች የጀርመን መኪና ገዛሁ። ወንበሯ ቆዳ ነው፣ በሮቿ ላይ እንጨት አላት፣ «የባለሥልጣን መኪና» ከሚሏቸው ናት። ጠዋት ከደብረ ብርሃን ስነሳ ጸጥ ያለች ናት። ጣርማ በርን አልፌ ወደ ደብረ ሲና መውረድ ስጀምር ግን ዳሽቦርዷ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል፤ ቤቴ ስደርስ ይተዋታል። ጋራዥ ብወስዳት «ዳሽቦርዱ በሙሉ ይፈታ» አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ አዲስ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ስክሪኗ የቤት ቴሌቪዥን ያህላል፣ ድምፅ የሚባል የላትም። «ያንተዋ ውድነቷ ምኗ ላይ ነው?» እያለ ይስቅብኛል። እውነት ምኗ ላይ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ዳሽቦርዱን እንዳታስፈታ። ዳሽቦርድ ፈትቶ እንደ ፋብሪካው አድርጎ ከመመለስ ሚስት ፈትቶ መታረቅ ይቀላል። ውስጡን የያዙት የፕላስቲክ ክሊፖች ገና ሲነቀሉ ግማሾቹ ይሰበራሉ። ዛሬ አንድ ቦታ ሲጢጥ ያለችህ መኪና ነገ በአምስት ቦታ ትዘፍንልሃለች።

የመኪናህ በሽታ መንገድህ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 በላይ ነው፤ ሸዋሮቢት 1,300 ገደማ ናት። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከውርጭ ወደ ቆላ ትወርዳለህ። ፕላስቲክ ሲሞቅ ከብረት አምስት ስድስት እጥፍ ይለጠጣል። ወደ 1.4 ሜትር የሚረዝም ዳሽቦርድ ሃያ ዲግሪ ሲሞቅ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ሚሊሜትር መንቀሳቀስ ይፈልጋል። የተሸከመው ብረት ግን አይከተለውም። ሁለት ፕላስቲክ የተጋጠመበት ቦታ ላይ አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይቀራል፤ ይያዛል፣ ይለቃል፣ ይያዛል፣ ይለቃል። ሲጢጥ የሚልህ ይሄ ነው። ሸዋሮቢት ስትደርስ ሁሉም እኩል ሞቆ ቦታ ቦታውን ስለሚይዝ ዝም ይላል።

«ታዲያ ውድ መኪና እንዴት?» ትለኛለህ። ውድ መኪና ውስጥ እንጨቱም፣ ቆዳውም፣ አሉሚኒየሙም፣ ፕላስቲኩም አለ፤ እያንዳንዱ የሚለጠጠው በራሱ ልክ ነው። ሞተሩም ጸጥ ያለ ስለሆነ አይጥ ብትንቀሳቀስ ይሰማሃል። በአይሱዙ ጭነት መኪና ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሲጢጥታ ዕድሜ ልክህን አትሰማውም ነበር።

አሁን ሥራው። ጠዋት ከደብረ ብርሃን ስትወርድ ሌላ ሰው ይንዳልህ፤ አንተ ከጎን ተቀመጥ። ሬዲዮና ማሞቂያው ይዘጋ። ድምፁ ሲጀምር ዳሽቦርዱን በመዳፍህ ከግራ ወደ ቀኝ ቦታ እየቀየርክ ጫን ጫን አድርግ። ስትጫን ዝም ካለ፣ ቦታው እዚያው እጅህ ሥር ነው። ያን ጠርዝ ብቻ በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ቀስ ብሎ ማላቀቅና መሃሉ ላይ ቀጭን የሱፍ ጨርቅ መለጠፍ ነው። እኔ የመንዝ ባና ቁራጭ፣ የጣት ጥፍር የሚያህል ስፋት ያለው፣ በማስቲሽ እለጥፋለሁ፤ ደንበኞቼ ይስቁብኛል። አውሮፓም የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው፤ የጥሩ መኪና ዳሽቦርድ ጀርባውን ብታየው ሽቦዎቹ በሱፍ መሳይ ጨርቅ ተጠቅልለዋል፣ ፕላስቲክ ከፕላስቲክ የሚነካካበት ላይ ሁሉ ጨርቅ አለ።

ደግሞ ከመፍታትህ በፊት ፈትሽ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ወንበር ስሰፋና ኮርኒስ ስለጥፍ፤ እንደዚያም ሆኖ አንድ ጊዜ የሰው በር ሁለት ቀን ሙሉ ፈትቼ ስገጥም ሰነበትኩ። የሚንኳኳው ነገር ሦስት ፍሬ የገብስ ቆሎ ሆኖ ተገኘ፤ በስፒከሩ ወንፊት አልፎ ገብቷል። ባለቤቱን የሁለት ቀን ሒሳብ መጠየቅ አፍሬ ቆሎውን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ወደ ጓደኛህ እንምጣ። መኪናው አዲስ ነው፤ አዲስ መኪና ደግሞ ሁሉም ጨዋ ነው። አንድ ክረምትና አንድ በጋ በፒስታ መንገድ ይመላለስበትና ያን ጊዜ እንነጋገር። ከጥር 2016 ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እኔ ጋ የሚመጣው አዲስ መኪና ሁሉ ኤሌክትሪክ ነው ማለት ይቻላል፤ ብዙዎቹም ዓይን በሚያርፍበት ቦታ እውነትም ያምራሉ። ስክሪን ግን የአሠራር ጥራት አይደለም፤ ስክሪን ዕቃ ነው።

ጥራትን የሚያውቀው እጅ ነው። በሁለቱም መኪኖች ይህን ሞክሩ። ሊብሬ የምታስቀምጡባትን መሳቢያ ክፈቱ፤ ጧ ብላ ትወድቃለች ወይስ ተይዛ ቀስ ብላ ትወርዳለች? ከጉልበት በታች ያለውን የበሩን ኪስ በጣት ዳስሱ፤ ጠርዙ ይቆርጣል? ወንበሩን ወደ ፊት ስባችሁ ከኋላ ያለውን ሐዲድ እዩ፤ ተሸፍኗል ወይስ ራቁቱን ነው? ብረት የሚመስለውን እጀታ በጠዋት ብርድ ንኩት፤ እውነተኛ ብረት ጣትን ያቀዘቅዛል፣ የተቀባ ፕላስቲክ አያቀዘቅዝም። ለዚህ ምርመራ ከደብረ ብርሃን የተሻለ ከተማ የለም።

ሌክሰስ በአንድ የድሮ ማስታወቂያው ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ኳስ በአካሉ መጋጠሚያ ክፍተት ላይ ስትንከባለል አሳየ። ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ባይሆን ኳሷ ትወጣ ነበር። አውዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የመኪናውን ውስጥ የሚያሸትቱ ሠራተኞች አሉት፤ ቆዳውን፣ ማጣበቂያውን፣ ምንጣፉን እያሞቁ ያሸትታሉ። ገንዘብህ የሄደው እንዲህ ዓይነቱ ቦታ ላይ ነው። ለጓደኛህ ይህን ብትነግረው ግን መሳቁን የሚተው አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከመሐል ሜዳ ነኝ። ወንድሜ ውድ መኪና ገዛ፤ የቆዳ ወንበሩ ጠዋት ጠዋት በረዶ ነው። የመንዝ በግ አጎዛ ላነጥፍበት ብል «መኪናዬን ባላገር ልታደርጊው ነው?» ብሎ ተቆጣኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ነሽ፤ አንድ ነገር ግን አለ።

ቆዳ የጌታ፣ ሱፍ የባላገር የሆነው ትናንት ነው። በድሮዎቹ ሊሞዚኖች ሾፌሩ የሚቀመጠው ጣሪያ በሌለው ፊት ላይ ስለነበር፣ ዝናብ እንዲችል ወንበሩ ቆዳ ነበር። ጌታው ከኋላ፣ ጣሪያ ሥር፣ በሱፍ ጨርቅ ላይ ይቀመጥ ነበር። ቶዮታ ሴንቸሪ የሚባለው የጃፓን ትልልቅ ሰዎች መኪና እስከ ዛሬ በሱፍ ጨርቅ ወንበር ይሸጣል፤ ቆዳ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ድምፅ ያሰማል፣ ሱፍ ዝም ይላል። ሮልስ ሮይስም እግር የሚያርፍበት ምንጣፉ የበግ ጠጉር ነው። ወንድምሽ ምን ሊል ነው?

ስለ ቆዳው ካነሣን አይቀር፣ ሮልስ ሮይስ የላም ቆዳ አይወስድም፤ ላም ስታረግዝ ቆዳዋ ይለጠጥና መስመር ያወጣል። የሚወስደው የወይፈንና የኮርማ ነው፣ ያውም ነፍሳት በማይበዛበትና እሾሃማ ሽቦ በሌለበት መስክ ያደገ። የእኛ በግ ቆዳ ለጓንት በዓለም የታወቀ ሆኖ ሳለ ስንቱ በእከክ ተበላሽቶ ከፋብሪካ እንደሚመለስ ሳስብ ያንገበግበኛል። ቅማልና ሌላ ተባይ የነካው ቦታ ከነጠጉሩ አይታይም፤ ቆዳው ሲለፋ ነው ነጠብጣቡ የሚወጣው። ይሄ ለሌላ ቀን ይሁን።

አንድ ነገር ያልኩሽ ይሄ ነው። የወንበሩን የበር በኩል ጎን እዪ፤ «ኤርባግ» የሚል ትንሽ ጨርቅ ከተሰፋበት፣ በአደጋ ጊዜ የሚነፋው ከረጢት የሚወጣው ከዚያ ስፌት ነው። መደገፊያውን በአጎዛ ከጠቀለልሽው መውጫውን ዘጋሽ ማለት ነው። ስለዚህ መቀመጫው ላይ ብቻ አንጥፊ፤ እንዳይንሸራተትም ከሥሩ ጎማነት ያለው ጨርቅ አድርጊ። ቀለም የተነከረ አጎዛ ከሆነ ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ እሺው፤ ጨርቁ ቀለም ካነሣ ወንበሩ ላይ አታድርጊው፣ ነጣ ያለ ቆዳ ላይ የገባ ቀለም አይለቅም።

ጥያቄ፦ መኪና አጥባለሁ። ዳሽቦርድ በቫዝሊን ስወለውል ደንበኞች ይወዱታል። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው ልጄ። አቧራ ይሰበስባል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ደግሞ ፊት መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ የሾፌሩን ዓይን ይወጋል። እዚህ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ከቆላው ይልቅ ፕላስቲክ ያቃጥላል፤ ዳሽቦርድን የሚያድነው ጥላ እንጂ ቅባት አይደለም። እርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ደንበኛህ «አላበራም» ካለህ እኔ ጋ ላከው።