ቀልዱን ልመን ወይስ ዜናውን?

ጥያቄ፦ ስለ ፊልም፣ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ዲጂታል ሚዲያ ኩባንያዎች ንግድ የማውቀው አብዛኛው ነገር ከኮሜዲያን አንደበት የሰማሁት ነው። የንግድ ዜናውን ራሱን ላንብብ ስል ቶሎ ይሰለቸኛል፤ በቀልዱ ግን እስቃለሁ፣ ነገሩም የገባኝ ይመስለኛል። በእርግጥ ገብቶኛል ወይስ ስቄ ብቻ ነው የማልፈው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቀልዱ የቆመው በኩባንያው ውሳኔና በሂሳቡ ላይ ከሆነ ነገሩ ገብቶዎታል፤ በሥራ አስኪያጁ አነጋገር ወይም አለባበስ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ሳቁ ሲያበቃ እጅዎ ላይ የሚቀር ነገር የለም።

ኮሜዲያን ለዓመታት ሲቀባበሉት የኖሩትን፣ የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ በኢንተርኔት ለሚያቀርበው የቪዲዮ አገልግሎት ያደረገውን የስም ለውጥ እንመልከት። በ2010 እ.ኤ.አ. ኤችቢኦ ጎ መጣ፤ በ2015 ኤችቢኦ ናው ተጨመረ፤ በ2020 ኤችቢኦ ማክስ ተከተለ፤ በ2023 ስሙ ማክስ ብቻ ሆነ፤ በ2025 ደግሞ ተመልሶ ኤችቢኦ ማክስ ተባለ። ስሞቹን መደርደር ብቻውን ያስቃል። ጎበዙ ኮሜዲያን ግን ከስሙ ጀርባ ባለቤቱ ሲቀያየር እንደነበረ ይነግርዎታል፤ የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ የኤችቢኦን ባለቤት ታይም ዋርነርን በ2018 ገዝቶ በ2022 ለቀቀው፣ ድርጅቱም ከሌላው የቴሌቪዥን ኩባንያ ከዲስከቨሪ ጋር ተዋሐደ፤ አዲሶቹ ኃላፊዎችም የዲስከቨሪን ፕሮግራሞች ጭምር የሚያቅፍ ስም ፈልገው ተመልካቹ ለአሥርት ዓመታት የለመደውን ስም አነሱት።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው በቁጥር ላይ የሚሠራውን ቀልድ ነው። ፌስቡክ በ2016 ቪዲዮዎች በአማካይ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታዩ ሲያሳይ የቆየው አኃዝ የተጋነነ እንደነበር አመነ፤ ግነቱም ከ60 እስከ 80 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ተዘገበ። ስህተቱን በምሳሌ ላሳይዎት። አንድ ቪዲዮ ለ100 ሰዎች ተከፈተ እንበል። 40ዎቹ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አልፈውት ሄዱ፤ 60ዎቹ ለ16 ሰከንድ ተመለከቱት። ጠቅላላው 1,000 ሰከንድ ስለሆነ ለ100 ሲካፈል እውነተኛው አማካይ 10 ሰከንድ ነው። ፌስቡክ ግን ያካፈለው ከ3 ሰከንድ በላይ ለቆዩት ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ 1,000 ለ60 ይካፈልና ውጤቱ ወደ 17 ሰከንድ ይጠጋል። ቪዲዮ ያዋጣል ብለው ጸሐፊዎቻቸውን ያሰናበቱ የዜና ድርጅቶች ነበሩና፣ ቀልዱ ሥራ ባጡት ላይ ሳይሆን አካፋዩን በመረጡት ላይ ማረፍ አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ኩዊቢ በተባለው የቪዲዮ አገልግሎት ላይ የተቀለደውንም በዚሁ ዓይን ይመዝኑት። 1.75 ቢሊዮን ዶላር ተሰብስቦለት ከ10 ደቂቃ ያልበለጡ ፕሮግራሞችን ለስልክ ሊያቀርብ በሚያዝያ 2020 ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ተዘጋ። በዚህ ለማሳቅ ቀኖቹና ገንዘቡ ይበቃሉ፤ ማጋነን አያስፈልግም።

የኮሜዲያኑ ደመወዝ ከማን እንደሚመጣም ይጠይቁ። ኮሜዲያኑ ጆን ኦሊቨር በኤችቢኦ ላይ ሆኖ በጊዜው የጣቢያው ባለቤት የነበረውን ኤቲ ኤንድ ቲን ደጋግሞ ተችቷል። በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ጣቢያ ፕሮግራም የነበረው ኮሜዲያን ስቲቨን ኮልበርት በሐምሌ 2025 የጣቢያው እናት ኩባንያ ፓራማውንት ከዶናልድ ትራምፕ ጋር የነበረውን ክስ ለመቋጨት 16 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማቱን በራሱ ፕሮግራም ላይ ነቀፈ፤ ፕሮግራሙ በ2026 እንደሚቆም የተነገረው ከዚያ ጥቂት ቀናት በኋላ ነበር። ሲቢኤስ ውሳኔው የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ነው ብሏል። እኔ በበኩሌ በገዛ ደመወዝ ከፋዩ ላይ ደፍሮ ለሚቀልድ ሰው ጆሮዬን ቀድሜ እሰጣለሁ፤ የኩባንያውንም መግለጫ ከቀልዱ ጎን አስቀምጬ አነባለሁ።