ካይሮ ላይ ያላለቀው ክርክር

ጥያቄ፦ «31 ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ከጡረተኛ አባቴ ጋር እኖራለሁ። ኳስ ያስወደደኝ እሱ ነው፤ በ2012 ስታዲየማችን ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ስናሸንፍም አብረን ነበርን። በነሐሴ 2017 ዋልያዎቹ ካይሮ ላይ በግብፅ 2 ለ 0 ሲሸነፉ ግን ‹ለምን አያጠቁም!› እያለ ጮኸ። ‹በ2014 ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ 2 ለ 0 አላሸነፍናቸውም?› ሲለኝ ‹ያኔ ኮከባቸው ሳላህ መች ተሰለፈ!› አልኩት። አልሰማ ሲለኝ እንግዶች ፊት ‹አባዬ፣ የማታውቀውን አታውራ› አልኩት። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር አናወራም። ድሮ ስንጨቃጨቅ እናቴ ‹በቃ፣ ቡና ቀርቧል› ስትል ያልቅ ነበር። ሙት ዓመቷን ያወጣነው ጨዋታው ሳምንት ሲቀረው ነው። አባቴን እንዴት ላሳምነው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ አጨዋወቱ አልከራከርህም። እንደ ሳላህና ማርሙሽ ያሉ አጥቂዎች ያሉበትን ቡድን፣ ያውም ካይሮ ላይ፣ ሰብሰብ ብሎ መከላከል ነውር የለውም። አባትህም ቢሆኑ ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም፤ ሊሎንግዌ ላይ ያየነው ድፍረት ለማንኛችንም ይናፍቃል።

ደብዳቤህን ሳነብ የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እናትህን በመጨረሻ፣ እግረ መንገድህን አነሳሃት። እኔ ደግሞ ጠቡ ሁሉ እዚያ ጋ ያለ ይመስለኛል። አንተና አባትህ ድሮም እንዲህ ትጨቃጨቁ ነበር። አሁን የጎደለው ጭቅጭቁን የምታስቆመው ሰው ናት። እናትህ ማን ልክ እንደሆነ አትፈርድም ነበር። «ቡና ቀርቧል» ስትል ሁለታችሁም ሳትሸነፉ ትነሳላችሁ። ማንም ማንንም ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። እርቁን ስትሠራላችሁ ስለኖረች፣ ሁለታችሁም መታረቅን አልለመዳችሁም።

ደግሞ ሙት ዓመቱ ገና ሳምንቱ ነበር። አገራችን ውስጥ ሚስቱ የሞተችበት ሰው «በርታ፣ ለልጆችህ ስትል» ይባላል፤ እሱም አፉን ይዘጋል። ኢትዮጵያ ስትሸነፍ ግን ቢጮህ «ምን ሆንክ?» የሚለው የለም። ያን ማታ አባትህ የጮኹት በአሠልጣኙ ላይ ብቻ ነበር? እኔ አይመስለኝም። አንተ ግን ስለ ሳላህ መለስክላቸው። እዚህ ላይ ከአባትህ ጎን ነኝ። ክርክሩን ብትረታም እንኳ፣ ኳስን ያስወደዱህን ሰው እንግዳ ፊት «የማታውቀውን» ማለትህ ከባድ ነው።

ስለዚህ ማሳመኑን ተወው። «አባዬ፣ አጥፍቻለሁ» በላቸው። «ግን» ብለህ አትቀጥል፣ ጨዋታውንም አታንሳ። ብቻህን ከከበደህ አጎት ወይም የንስሐ አባታችሁ ይግቡበት። ቀስ ብለህ ደግሞ ስለ እናትህ አንድ ነገር ጠይቃቸው፣ ምናልባት ማታ ጣና ዳር ወክ ስትሉ። መጀመሪያ ዝም ሊሉህ ይችላሉ፤ አትቸኩል። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላቸው ግን ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን አንድ ዓመት አንተ ራስህ እንዴት እንደከረምክ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍክም። አባትህ እሺ ቢሉም ባይሉም፣ አንተ ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠህ ብታወራ ደስ ይለኛል።