ጎጆዋ የፈረሰባት ዋኖስ ትመለሳለች ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ወዲያው ልመልስልሽ ነበር፤ ግን በሁለት መስመር የሚያልቅ አልሆነልኝም። ለገጣፎ ባለው ግቢሽ አጥር ሊሠሩ የመጡት ሰዎች ትልቁን ፅድ ቆረጡት። የዋኖሶቹ ጎጆ አብሮ ወደቀ፤ ሁለቱም እንቁላሎች ተሰበሩ። ጎጆውን አንሥተሽ በረንዳ ላይ አስቀመጥሽው። ወፎቹ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋትና ከሰዓት እየመጡ ዛፉ የነበረበትን ቦታ ይዞራሉ። "ሐዘን ላይ ናቸው ወይ? በእጄ ስለነካሁት ይሆን የሸሹት? ጎጆውን ሌላ ዛፍ ላይ ባስቀምጥላቸው ይመለሳሉ?" ነው ያልሽው።

እኔ የወፍ ባለሙያ አይደለሁም። ሱሉልታ ቤት ሠርተን ከገባን 13 ዓመት ሆነን። ወፍ ሲንጫጫ መነሣት ከልጅነቴ የለመደብኝ ነው፤ ቡናዬን ይዤ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ያየሁትን በደብተር እጽፋለሁ። ያልገባኝን ደግሞ እያነበብኩ አጣራለሁ። የምነግርሽ ከዚያ የወጣ ነው።

መጀመሪያ ልብሽን የከበደውን ነገር ላንሣልሽ። በእጅሽ ስለነካሽው አይደለም። "ሰው የነካውን ጎጆ እናት ትጥለዋለች" ሲባል ሁላችንም ሰምተን አድገናል፤ እኔም ለልጆቼ ብዬዋለሁ። ትክክል አይደለም። ወፍ የሰው እጅ ስለሸተታት ብቻ እንቁላሏን ወይም ጫጩቷን አትጥልም። የምትጥለው ስትደነግጥ ነው። በተለይ ጎጆውን ገና እየሠራች ወይም እንቁላሉን ገና እየጣለች ሳለ ሰው ከተመላለሰባት ትታው ትሄዳለች፤ እስካሁን ብዙ አልለፋችበትማ። ጫጩት ከፈለፈለች በኋላ ግን በቀላሉ አትለቅም። ያንቺዎቹ ላይ የደረሰው ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ዛፋቸው ነው የተቆረጠው።

አሁን ስለ ሦስቱ ቀናት። "ጠዋትና ከሰዓት" ያልሽው ነገር ነው ቁጭ ብዬ እንድጽፍልሽ ያደረገኝ። ዋኖሶች እንቁላል የሚታቀፉት በተራ ነው። ሴቷ ከአመሻሽ ጀምሮ ሌሊቱን ታድራለች። ወንዱ ረፋድ ላይ መጥቶ ይረከባታል፣ ከዚያ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ እሱ ይቀመጣል። እኔ ግቢ ያሉት ሲቀያየሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ረፋድ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ወንዱ ከአጥሩ ጫፍ ሆኖ ትንሽ ያጉተመትማል። ከዚያ በቅርንጫፉ ላይ እየተራመደ ይጠጋል። እሷ ቀስ ብላ ትነሣለች፤ እሱ ሆዱን ዝቅ አድርጎ፣ ግራና ቀኝ ተወዛውዞ እንቁላሎቹን ከላባው ሥር ያስገባል። እንደ ዘበኛ ተረኛ ነው፤ ሰዓቱን አያዛንፍም።

እና ያንቺዎቹ የመጡት ተራቸውን ሊረከቡ ይመስለኛል። ዛፉ የለም፤ ሰዓቱ ግን ደርሷል። ጎጆው የነበረበት አየር ላይ መጥተው የሚያርፉበት ያጣሉ፣ ዞረው ይመለሳሉ።

ይህ ሐዘን ነው ወይ? እኔ አይደለም ብዬ አልደፍርም። የዛሬ አምስት ዓመት ነሐሴ ውስጥ ዝናብ የቀላቀለ ነፋስ የእኛን ዋኖሶች ጎጆ ሲያወርደው፣ ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት ወፎቹን አይተው "ሰልስታቸውን ሳያወጡ አይሄዱም" አሉኝ። እውነትም በአራተኛው ቀን አልመጡም። ውስጣቸው ምን እንደሚሰማቸው ከውጭ አይታይም። ሰውነታቸው ውስጥ የሚሆነው ግን የታወቀ ነው። የታቀፈች ወፍ ደሟ ውስጥ ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ከፍ ይላል። የሰው እናት ጡቷ ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገው ያው ሆርሞን ነው። በርግብና በዋኖስ ደግሞ ከዚህም በላይ ይሠራል። ጉሮሯቸው ሥር ያለው የእህል ከረጢት እንደ ወተት ያለ ነገር ያመነጫል፤ እናትም አባትም ጫጩቶቹን የሚያሳድጉት በእሱ ነው። እንቁላሉ ሲጠፋ ይህ ሆርሞን በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ቀልባቸው እዚያ ቦታ ላይ የሚቆየው ለዚህ ነው። እሱ ሲወርድ እንቁላል የሚያዘጋጁት ሌሎቹ ሆርሞኖች ይነሣሉ። ሰውነቷ ራሱ "እንደገና ጀምሪ" ይላታል ማለት ነው።

የእኛዎቹ የጀመሩት ጎጆው በወደቀ በዘጠነኛው ቀን ነው። ደብተሬ ላይ አለ። ከድሮው ቦታ ሁለት ዛፍ ተሻግረው፣ ወይራው ላይ። ወንዱ መሬት ወርዶ ጭራሮ ይለቅማል፤ አንዱን አንሥቶ ይጥላል፣ ሌላውን ያነሣል፣ ከዚያ የወደደውን ይዞ ይበራል። አንድ በአንድ ነው የሚያመጣላት። እሷ ተቀምጣ ታስተካክላለች። የዋኖስ ጎጆ አይተሽው እንደሆነ በጣም ስስ ነው፤ ከሥር ቆመሽ ቀና ብትይ እንቁላሉ ሊታይሽ ይችላል። ድሮ "ምን ዓይነት ዝርክርክ ናት" እል ነበር። አሁን ሲገባኝ ግን ብልሃት ነው። በጥቂት ቀን የሚሠራ ጎጆ ቢፈርስም የጠፋው ልፋት ትንሽ ነው፤ ሌላ መሥራት አይከብድም። ሁለት ነጭ እንቁላል ጣለች። ሁለት ሳምንት ገደማ ታቀፉ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ መገቡ፣ ሁለቱም በረሩ።

ለብዙዎቹ ትንንሽ ወፎች ጎጆ ማጣት እንግዳ ነገር አይደለም። ቁራ አለ፣ ጭልፊት አለ፣ አይጥና እባብ አለ፣ የሰፈር ድመት አለ። ከሠሩት ጎጆ ሁሉ ልጅ አይወጣም፤ ስለዚህ ደግመው ደጋግመው ይሞክራሉ። ብዙውን ጊዜ ታዲያ ወደዚያው ቅርንጫፍ አይመለሱም። ልጅ ያሳደጉበትን ቦታ ይወዱታል፤ የተዘረፉበትን ይሸሹታል። በአንዳንድ ወፎች ዘንድ ጥንዱ ራሱ ይለያያል፤ ሳይሳካላቸው ሲቀር ሌላ አጋር ይፈልጋሉ። የእኔን ዋኖሶች ግን እንደዚያ ሲሆኑ አላየሁም።

ሁሉም ወፍ ግን በአንድ ዓይነት መንገድ አይጀምርም። ፊቱ ላይ ጥቁር ያለበት፣ ሆዱ ቢጫ የሆነውን፣ ጎጆውን በአፉ የሚሰፋውን ወፍ ታውቂዋለሽ። መስከረም ላይ፣ የደመራ ሰሞን፣ ልጆች ጎጆው የተንጠለጠለበትን ቅርንጫፍ ቆርጠው ወሰዱበት፤ ጎጆው መሬት ላይ ቀረ። ይሄኛው ሦስት ቀን አልጠበቀም። በማግስቱ ጠዋት ረጅም አረንጓዴ ሣር ከጫፉ ነክሶ፣ እየበረረ ሰነጠቀው። ከዚያ ቀንበጥ ላይ አሰረና ቀለበት ሠራ። ቀለበቱ ውስጥ ቆሞ ነው ቀሪውን የሚሰፋው፤ ርዝመቱን በገዛ አካሉ እየለካ። መሬት የወደቀውን ጎጆ ዞር ብሎ አላየውም። ለምን እንደሆነ የገባኝ አንሥቼ ስዳስሰው ነው። ደርቋል፣ በእጄ ላይ ይሰባበራል። የሚሰፋ ሣር እርጥብና የሚታጠፍ መሆን አለበት። ዋኖስ ግን ደረቅ ጭራሮ ስለሆነ የምትፈልገው ከወደቀው ላይ አንሥታ ትጠቀማለች።

ይህ ለሦስተኛው ጥያቄሽ መልስ ነው። ባዶውን ጎጆ ሌላ ዛፍ ላይ አታስሪው። ለወፏ ቤቷ ጭራሮው ሳይሆን ቦታው ነው፤ እንቁላል ከሌለበት ደግሞ የሚጠራት ነገር የለም። አሮጌ ጎጆ ውስጥ የጫጩት ደም የሚመጥጡ ጥቃቅን ነፍሳትም ሊኖሩ ይችላሉ። ይልቅ በትነሽ ከዛፎቹ ሥር ጣይው። የፈለገችውን ታነሣለች።

ጫጩት ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ይህን የምለው ሌሎችም እንዲያነቡት ነው፤ እኔ ያጠፋሁትም እዚህ ላይ ነው። ቤታችን ስንገባ የጣሪያችን ክፈፍ ሥር ክፍት ቀዳዳ ነበር። ብርድ ያስገባል ብዬ ግንበኛ ጠርቼ አስደፈንኩት። ውስጡን አላየንም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ልብስ ሳሰጣ አንዲት ድንቢጥ ከግድግዳው ጋር ተለጥፋ አየሁ። አፏ ውስጥ አረንጓዴ ትል አለ፤ ገና ይንቀሳቀሳል። የተደፈነውን ቦታ በደረቷ ገፋችው። ተንሸራታ ወረደች። ገመዱ ላይ አረፈች፣ ትሉን አለቀቀችም። እንደገና ሄደች። ወንዱም መጣ፣ እሱም አፉ ሙሉ ነው። ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ አልቆጠርኩም፤ ያጠብኩት ልብስ እጄ ላይ ደረቀ።

መሰላል አስመጥቼ ሲሚንቶውን በመዶሻ ሰበርኩት። ሦስት ጫጩቶች ነበሩ። አንዱ ሞቷል። ሁለቱ ግን አቧራ ለብሰው አፋቸውን ከፈቱ። ከመሰላሉ ወርጄ ገና አሥር እርምጃ ሳልሄድ እናትየዋ ገባች። ያ ቀዳዳ እስካሁን ክፍት ነው፤ ከውስጥ በኩል በጣውላ አስከልለን ብርዱን አቆምነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማውቀው ይህ ነው። እንቁላል ዝም ይላል፤ ቦታው ከተቀየረ ወላጆቹ ብዙ ጊዜ አይከተሉትም። ጫጩት ግን ይጮኻል፤ እናትና አባት ድምፁን ተከትለው ይመጣሉ። ስለዚህ ጎጆ ከነጫጩቱ ከወደቀ ትንሽ ቅርጫት ወይም ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ዕቃ ፈልጉ፣ ውሃ እንዳይቋጥር። ደረቅ ሣር አድርጉበት። ከነበረበት ቦታ በጣም ሳይርቅ፣ ፀሐይ በማያገኘውና ድመት በማይደርስበት ከፍታ ላይ እሰሩት። ከዚያ ራቁ። ከቤት መስኮት ሆናችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ጠብቁ። አጠገቡ ቆሞ "ይመጡ ይሆን" እያሉ ማየት ራሱ ነው የሚያባርራቸው። ወተትና ዳቦ አትስጡ፣ ውሃም በአፉ አታፍስሱበት፤ ይታነቃል። ላባው የወጣለት፣ ጭራው አጭር የሆነ፣ መሬት ላይ የሚዘል ከሆነ ደግሞ አልወደቀም፤ መብረር እየተማረ ነው። ድመቷን አስገቡለት፣ እሱን ተዉት።

እህቴ፣ ወደ ግቢሽ ልመለስ። በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ጎጆው አይደለም። ጎጆ ይሠራሉ። የሚሠሩበት ቦታ ካጡ ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ ሱሉልታ ስንገባ ከቤታችን ጀርባ የፅድና የአጋም አጥር ነበር፣ ከዚያ ወዲያ እርሻ። ዛሬ አጥሩ በብሎኬት ተተክቷል። አንድ ጎረቤት ሲቆርጥ ወፎቹ ወደሚቀጥለው ግቢ ሄዱ። ያኛውም ቆረጠ፤ ወደ እኛ መጡ። አሁን እኛ ጋ ያለው ወይራ ላይ በአንድ ክረምት ሦስት ጎጆ ቆጥሬያለሁ። እየተጣሉ ነው የሚኖሩት። ይህን ሳይ ነው የሚያንገበግበኝ። ለእነሱ የቀረው የእኛ የአጥር ጥግ ብቻ ነው።

በላክሽልኝ የግቢሽ ፎቶ ላይ ከበሩ በስተቀኝ አንድ ወይራና የተጠላለፈ ጽጌረዳ አያለሁ። እነሱን አስቀሪያቸው። አጥሩ የግድ እነሱን የሚነካ ከሆነ ሠራተኞቹን በዚያ በኩል በመጨረሻ እንዲመጡ ለምኛቸው፤ አንድ ወር ተኩል ቢቆይ አንድ ጎጆ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያልቃል። ጥልቀት የሌለው ሳህን ላይ ውሃ አኑሪ፣ በየቀኑ ቀይሪው። እንቁላል እንደገና መጣል ለሴቷ ከባድ ነው፤ ቅርፊቱን የምትሠራው ከራሷ ሰውነት በምታወጣው ካልሲየም ነው። የዶሮ እንቁላል ቅርፊት ምጣድ ላይ አድርቀሽ፣ ፈጭተሽ አጥሩ ሥር በትኚላት። ናይሎን ክርና የማዳበሪያ ከረጢት ፈትል ግን ከግቢው ልቀሚ። ክሩ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ከጎጆው መውጣት ያቃተው ጫጩት በመቀስ ያላቀቅኩበት ቀን አለ።

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ወጣ በይና መሬቱን እይ። ጭራሮ እያነሣ የሚጥል ዋኖስ ካየሽ አትቅረቢ፤ የሚያርፍበትን ዛፍ ብቻ ለይተሽ፣ ለሠራተኞቹ በቀይ ጨርቅ ምልክት አድርጊላቸው።