ሪባኑን ማን ይቁረጠው?

መስከረም ከጠባ ጀምሮ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ንግድ ቤት ምርቃት ሆነዋል። የተወሰኑትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ገርጂ አካባቢ ካፌ ልከፍት ነው። ታዋቂ ሰው ጋብዘሽ ሪባን አስቆርጪ ይሉኛል፤ የተጠየቅኩት ክፍያ ግን የሁለት ወር ኪራይ ያህላል። ያዋጣል?

አያዋጣም እህቴ። ታዋቂው ሰው ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል፣ እሱን ሊያይ የመጣውም ተከትሎት ይሄዳል። ሰኞ ጠዋት ማኪያቶ የሚያዝሽ ከላይ ፎቅ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ፣ ማዶ ያለችው ፋርማሲስት፣ በርሽ ላይ የሚውለው ተራ አስከባሪ ነው። እነሱን ጥሪ፣ ያውም በእግርሽ ዞረሽ። ሪባኑን እናትሽ ይቁረጡት።

ጥያቄ፦ ሥጋ ቤት ነው የምከፍተው። ዕቃው የካቲት መጨረሻ ተሟልቶ ያልቃል። ወዲያው ልመርቅ?

ወንድሜ፣ ካላንደር አይተሃል? የካቲት መጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው፣ 55 ቀን። ፋሲካን ጠብቅ፤ የፋሲካው ሳምንት ራሱ ግን አይሆንም፣ በየቤቱ በግ ታርዶ ሰው ሥጋ ሰልችቶታል። ሁለት ሳምንት አሳልፍ። እስከ በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ቀን እንደልብህ ትመርጣለህ። ሙስሊም ጎረቤቶችህ ሥጋህን ባይበሉም ከጥሪው አታስቀራቸው፤ ድፎ ዳቦው፣ ፈንዲሻውና ቡናው ለሁሉም ይሆናል።

ጥያቄ፦ የምርቃታችን ዋዜማ ሦስት በር አልፎ ለቅሶ ሆነ። ለድንኳኑም ለዲጄውም ቀብድ ከፍለን ስለነበር ሙዚቃውን ቀነስ አድርገን አካሄድነው። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ዝር አይልም።

ይህኛው ከበድ ይላል። ሙዚቃውን መቀነስ ሳይሆን ምርቃቱን ማዛወር ነበረባችሁ፤ ዲጄ ቀብዱን ባይመልስ እንኳ ቀን ይቀይራል፣ ቢበዛ ተጨማሪ ትከፍሉታላችሁ። ሐዘንተኛ ቤት ተቀምጦ ጭፈራችሁን ሲሰማ ያመሸው ሰው ግን እናንተ ጋ ስኳር እንኳ አይገዛም፣ ቢገዛም ይገርመኛል። አሁን የእድሩን ዳኛ አስቀድማችሁ፣ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ። ዘግይቶ መድረስም መድረስ ነው። ስለ ቀብዱ አንድም ቃል እንዳታነሱ፣ «አጥፍተናል» ብቻ በሉ። እድሩ ውስጥ ከሌላችሁም እግረ መንገዳችሁን ተመዝገቡ፣ ከዚያም ወርኃዊውን ሳታጓድሉ ክፈሉ። በአንድ ቀን ይቅር ይሉናል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ ጥሪው ላይ 8 ሰዓት ብለናል። ሰው ስንት ሰዓት ይመጣል?

10 ሰዓት። በ8 ሰዓት የምታገኙት ፎቶ አንሺውንና አንድ አክስት ነው። ዳቦው በ10 ተኩል ይቆረስ ብላችሁ ያዙ፣ ያረፈደ ያርፍድ። ጄኔሬተሩን ደግሞ ጠዋቱኑ አስነስታችሁ ሞክሩት፤ እኔ ሱቄን ሳስመርቅ መብራት ሄደ፣ የተከራየነው ጄኔሬተር ነዳጅ አልነበረውም፣ ማይኩ ዝም አለና የሽማግሌዎቹን ምርቃት የሰማነው ከፊት የቆምነው ብቻ ነን። ከኋላ ያለው ሰው እኛን እያየ «አሜን» ይላል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ የእንጀራና የቅመም መሸጫ ልንከፍት ነው። ቡና እንቁላ?

ቁሉ፣ ግን አከራያችሁን አስፈቅዳችሁ ውጭ። የቡናው ጭስና ዕጣኑ ኮርኒሱ ላይ ያለውን የጭስ ማስጠንቀቂያ ካስጮኹት ቀድሞ የሚደርሰው እንግዳ የእሳት አደጋ መኪና ነው።