ፍሉይድ ሜካኒክስን ከየት ልጀምር ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የ3ኛ ዓመት ሲቪል ተማሪ ነሽ። ፍሉይድ ሜካኒክስ (ፈሳሽና አየር እንዴት እንደሚሄዱና እንደሚገፉ የሚያጠናውን ትምህርት) ጀምረሻል፤ ቀመሩን ትሸመድጂዋለሽ እንጂ አልገባሽም። ላብራቶሪ (ላብ) በሴሚስተሩ ሁለቴ ብቻ ነው የገባችሁት። ጓደኞችሽ ደግሞ «ቲዎሪውን ተይው፣ ሲሙሌሽን ተማሪ፣ ሥራ የሚገኘው በሱ ነው» ይሉሻል፤ ፍሰትን በኮምፒውተር አስመስሎ ማስላትን ማለታቸው ነው። እና ከየቱ ልጀምር ነው ጥያቄሽ።

ከሦስቱም ጀምሪ፤ ግን በትንሽ ነገር። አንዲት ትንሽ ጥያቄ ያዢ። መጀመሪያ በወረቀት ስሪያት፣ ቀጥሎ በእጅሽ ሞክሪያት፣ ከዚያ በኮምፒውተር ድገሚያት። በየደረጃው መልሱን ከማየትሽ በፊት የራስሽን ግምት በቁጥር ጻፊ። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር አደራ። እኔ የተማርኩት ቲዎሪውን ጨርሼ፣ ከዚያ ላብ፣ ከዚያ ሶፍትዌር እያልኩ ነው። ሦስቱ እርስ በርስ የተገናኙልኝ ተመርቄ የውሃ ሥራ ላይ ከገባሁ በኋላ ነው። ያ ጊዜ እስካሁን ይቆጨኛል።

የምትጀምሪበትን ልንገርሽ። ጎኑ ቀጥ ያለ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ፈልጊ። ወደ ታች ጠጋ ብለሽ በድሪል 4 ሚ.ሜ ቀዳዳ ብሺ። ከቀዳዳው መሃል 20 ሴ.ሜ ከፍ ብለሽ በማርከር አስምሪ፤ 5 ሴ.ሜ ላይም ሌላ መስመር። ክዳኑ ክፍት ይሁን። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ውሃው ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው ለመውረድ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል?

በወረቀት እንሥራው። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው ሥራ ያሳየው ነገር አለ። ከቀዳዳ የሚወጣ ውሃ ፍጥነቱ ከዚያው ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ ታች ሲደርስ ካለው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ለ20 ሴ.ሜ ሲሰላ በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ ይመጣል። ጠርሙሱ ከዳር እስከ ዳር 10 ሴ.ሜ ከሆነ ከቀዳዳው 25 እጥፍ ይሰፋል፤ በአግድም ቢቆረጥ የሚታየው የክቡ ስፋት (ኤሪያ) ደግሞ 25 ጊዜ 25፣ ማለትም 625 እጥፍ ነው። ስለዚህ የውሃው ገጽ የሚወርደው ከሚወጣው ውሃ በ625 እጥፍ ቀስ ብሎ ነው። ውሃው ሲቀንስ ፍጥነቱም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ኢንተግሬት ታደርጊያለሽ፤ ማለትም የየቅጽበቱን ትንንሽ ጊዜ ትደምሪያለሽ። መልሱ 63 ሰከንድ ነው።

ይሄንን ከአጎቴ ልጅ ጋር ሠርተነዋል። ያኔ 10ኛ ክፍል ነበር። ስልኩን ሰዓት ላይ አድርጎ እሱ ይቆጥራል፣ እኔ ቀዳዳውን በጣቴ ይዤ እለቃለሁ። 63 ብለን ጽፈን ነበር። ሰዓቱ 102 አለ። ደገምነው፣ 100። አሁንም ደገምነው፣ 103። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ታዲያ ቀመሩ ውሸት ነው?» አለኝ።

ጠጋ ብለሽ የሚወጣውን ውሃ እይው። መብራት ከጎን አብሪበት። ልክ ከቀዳዳው እንደወጣ ቀጠን ይላል። ከቀዳዳው ራሱ የቀጠነ ነው። ውሃው ወደ ቀዳዳው የሚመጣው ከፊት ብቻ አይደለም፤ ከላይም ከታችም ከጎንም እየተጋፋ ይመጣል። ጠርዙ ላይ ሲደርስ ድንገት መታጠፍ አይችልም፤ ስለዚህ ተኮማትሮ ይወጣል። ቀመሩ አልዋሸም። እኛ ነን የውሃውን ስፋት ከቀዳዳው ስፋት ጋር እኩል ያደረግነው። 63ን ለ102 አካፍይው፤ 0.62 ይመጣል። መጽሐፍሽ ላይ «ሹል ጠርዝ ላለው ቀዳዳ» ተብሎ በሠንጠረዥ የተቀመጠው ቁጥር እሱ ነው። እኔ ያን ቁጥር ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ከየት እንደመጣ ያየሁት ግን ያን ቀን፣ በረንዳ ላይ ነው።

ሌላ ጠርሙስ ወስደን ደግሞ በጋለ ምስማር በሳነው። ቀዳዳው ያው 4 ሚ.ሜ ነው፤ ግን ላስቲኩ ቀልጦ ጠርዙ ክብ አለ። 80 ሰከንድ ሆነ። በቀዳዳው አፍ ቅርጽ ብቻ 20 ሰከንድ ተለወጠ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የቱቦ መግቢያ ለምን ክብ እንደሚደረግ ማንም ሊያስረዳሽ አይገባም።

አሁን ኮምፒውተሩን ክፈቺ። ሶፍትዌር አታውርጂ፤ ኤክሴል ይበቃል። ፓይተን ከቻልሽም ጥሩ። በየሰከንዱ ፍጥነቱን አስልተሽ ከፍታውን ትቀንሻለሽ፣ በአዲሱ ከፍታ እንደገና ታሰያለሽ፤ 5 ሴ.ሜ እስኪደርስ። 0.62ን ካስገባሽ 101 ወይም 102 ሰከንድ አካባቢ ይወጣል። ከዚያ እርምጃውን ከ1 ሰከንድ ወደ 20 ሰከንድ ቀይሪው። 5 ሴ.ሜ የሚደርሰው በ80ኛውና በ100ኛው ሰከንድ መካከል ነው፤ በመካከላቸው ስታሰዪው 95 ገደማ ይልሻል። ለምን? ኮምፒውተሩ ለ20 ሰከንድ ሙሉ ውሃው በመጀመሪያው ፍጥነት እየወጣ ነው ብሎ ስለሚገምት ነው። ውሃው ግን በየቅጽበቱ እየደከመ ነው። ይቺ የሲሙሌሽን የመጀመሪያ ትምህርት ናት። በትልቁ ሶፍትዌር ውስጥም ያው ስህተት አለ፤ እዚያ ግን በሚያምር ቀለም ስለሚሸፈን አይታይም።

ስለ ቀለሙ ካነሳን የራሴን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ሲሙሌሽኔን የሠራሁት ኦፕን ፎም በሚባል የፍሰት ማስሊያ ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ይሠራል። 2 ሴ.ሜ ስፋትና 20 ሴ.ሜ ርዝመት ያለው ቱቦ ውስጥ ውሃ በሰከንድ 2.5 ሴ.ሜ ይሄዳል። የሬይኖልድስ ቁጥሩ (ፍሰቱ የተረጋጋ ወይም የተረበሸ መሆኑን የሚጠቁመው ቁጥር) 500 ነው፤ ላሚናር ነው፣ ማለትም ሳይረበሽ የሚሄድ ፍሰት፤ በወረቀት የሚሠራ ነው። የወረቀቱ መልስ የግፊት መቀነሱ 0.4 ፓስካል ነው ይላል። ኮምፒውተሩ 0.0007 አለኝ። ሙሉ ቀን ሜሽ (ቱቦው ለስሌት የተከፋፈለበትን መረብ) ሳጠብቅ፣ ሳስተካክል ዋልኩ፤ ምንም አልተለወጠም። ለካ በዚያ ዓይነት ስሌት ኦፕን ፎም ግፊትን የሚሰጠው ለውሃው ጥግግት አካፍሎ ነው። በ1,000 ሳባዛው 0.7 ሆነ። እሺ፤ ግን 0.7ም 0.4 አይደለም። ወደ እጥፍ ተጠግቷል።

ሁለተኛውን ለማግኘት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። የወረቀቱ ቀመር ውሃው ቱቦው ውስጥ ገብቶ፣ ተረጋግቶ፣ መሃሉ ፈጥኖ ዳሩ ዘግይቶ መደበኛ ቅርጹን ከያዘ በኋላ ያለውን ነው የሚናገረው። እኔ ግን መግቢያው ላይ ውሃውን በአንድ ወጥ ፍጥነት አስገብቼዋለሁ። ቅርጹን ለመያዝ የሚያስፈልገው ርቀት በግምት 0.06 ጊዜ ሬይኖልድስ ቁጥር ጊዜ የቱቦው ስፋት ነው። የኔ ቱቦ 60 ሴ.ሜ ያስፈልገው ነበር፤ የሰጠሁት 20 ነው። ውሃው ሳይረጋጋ ወጣ። ቱቦውን 2 ሜትር አድርጌ የመጨረሻዋን 1 ሜትር ብቻ ስለካ፣ ቀመሩ እንደሚለው በሜትር 2 ፓስካል መጣ። ያኔ የተሰማኝን ደስታ ልነግርሽ አልችልም። አስቢው፤ ያን 0.4 በወረቀት ባልጽፈው ኖሮ 0.0007ን ከነቀለሙ ለጥፌ ሪፖርት አስገባ ነበር።

ለዚህ ነው «ቲዎሪውን ተይው» የሚሉሽን አትስሚ የምልሽ። ለሲሙሌሽን ሥራ ሰው የሚቀጥር ቁልፍ መጫን ብቻ የሚችል አይፈልግም፤ የወጣው ቁጥር ልክ ይሁን አይሁን የሚያውቅ ነው የሚፈልገው። ላብ የለንም ብለሽ ደግሞ አትዘኚ። ጀርመናዊው ፕራንትል እ.ኤ.አ. በ1904 የፍሉይድ ሜካኒክስን አካሄድ የቀየረውን የባውንደሪ ሌየር ሐሳብ (ግድግዳ አጠገብ ስላለው ቀጭን፣ በሰበቃ የዘገየ የፍሰት ንብርብር) ሲያቀርብ፣ የፍሰቱን ፎቶዎች ያነሳው ውሃው በእጅ በሚዞር መቅዘፊያ በሚንቀሳቀስበት ገንዳ ነው።

ያንቺ ላብ ደግሞ ደጅሽ ነው። ግንበኞች በውሃ ልክ ሲሠሩ ቆመሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ግልጽ ጎማ ውሃ ይሞሉና አንዱን ጫፍ እዚህ፣ ሌላውን ማዶ ይይዛሉ። ጎማው መሃል ላይ ቢጠማዘዝ፣ ቢወርድ፣ ቢወጣ ለውጥ የለውም። ግፊት የሚወሰነው በጥልቀት እንጂ በመንገዱ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ግን አየር ከገባበት ውሃውን ደፍተው እንደገና ይሞላሉ። ለምን እንደሆነ በስሌት ጻፊና ተመልከቺ፤ የማኖሜትር (ግፊትን በፈሳሽ ከፍታ የሚለካ ቱቦ) ጥያቄ ሁሉ ይቀልሻል። የቧንቧ ውሃ ቀስ ብለሽ ክፈቺ፤ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ይወርዳል። ጨምሪ፤ ይደፈርሳል፣ ይንቀጠቀጣል። ቁጥሩ በስሙ የተጠራው ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 እንግሊዝ፣ ማንችስተር ላይ በቀለም ያሳየው ለውጥ የዚህ ዘመድ ነው።

አንድ የመስክ ነገር ልጨምር፤ ለኛ አገር ሰው የተለየ ትርጉም ስላለው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ግቢ «ፓምፑ ውሃ አልስብ አለ» ተብለን ሄድን። ውሃው ጉድጓድ ውስጥ 7.5 ሜትር ታች ነው። ፓምፑ አፋፉ ላይ ተቀምጧል። ከፓምፑ ጋር የመጣው ወረቀት «8 ሜትር ይስባል» ይላል። ሁለት ፓምፕ ፎርጅድ ነው ተብሎ ተቀይሯል፤ ፉት ቫልቩም (ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ ቱቦው ጫፍ ላይ የሚገጠመው) ተቀይሯል። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ቱቦው አየር ያስገባ እንደሆነ ነው። አያስገባም።

ፓምፕ ውሃ አይጎትትም። ውስጡ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ውጭ ያለው አየር ነው። ባሕር ጠለል ላይ አየሩ 10.3 ሜትር ውሃ ይሸከማል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። የሚሸከመው 7.8 ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ላይ የውሃው ተን ወደ 0.2 ሜትር ይወስዳል፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ሰበቃ አለ፤ ፓምፑም መግቢያው ላይ የሚፈልገው ግፊት አለ። 7.5 ሜትር የማይሆን ነገር ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው 8 ሜትር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ጉድጓዱ ውስጥ 4 ሜትር ዝቅ ብሎ መቆሚያ ተሠራለትና ፓምፑ እዚያ ተቀመጠ፤ በዚያው ቀን ሳበ።

ሶፍትዌሩም ላይ ይሄ ይጠብቅሻል። ለምሳሌ አንሲስ ፍሉወንት የሚባለውን የፍሰት ሶፍትዌር ስትከፍቺ የአየሩ ግፊት 101,325 ፓስካል፣ የአየሩ ጥግግት በኪዩቢክ ሜትር 1.225 ኪ.ግ ተብሎ ተሞልቶ ይጠብቅሻል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ጥግግት 0.9 አካባቢ ነው። ሳትቀይሪው በሕንፃ ላይ የሚያርፍ ንፋስ ብታሰዪ ኃይሉን ከሲሶ በላይ አብዝተሽ ታገኚዋለሽ።

ስለ ፈተናው አጭር ነገር ልበል። በርኑሊን (ግፊትን፣ ፍጥነትንና ከፍታን የሚያገናኘውን ቀመር) ከመጠቀምሽ በፊት ሁለቱን ነጥቦች ምልክት አድርጊባቸውና በመካከላቸው ፓምፕ ወይም የሚያሳስብ ሰበቃ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። አብዛኛው ነጥብ የሚጣለው እዚያ ነው። የናቪየር ስቶክስ ቀመር አያስፈራሽ፤ በዚህ ደረጃ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ለፈሳሽ ሲጻፍ መሆኑን ማወቅ ይበቃሻል። ትልቁን ሶፍትዌር ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ጀምሪው፤ በቀጥተኛ ቱቦ ጀምሪ፤ ሜሹን በእጥፍ አጥብቀሽ መልሱ መቀየሩን ሳታዪ አንድም ቁጥር አትመኚ።

ለቅዳሜ ሃይላንዱን ሥሪው። የወረቀቱን፣ የሰዓቱንና የኤክሴሉን ቁጥር እዚሁ ለጥፊልኝ። ጠርሙስሽ ከኔ ሊለይ ስለሚችል ስፋቱን ለኪው፤ የቀዳዳሽንም ስፋት አትርሺ። ከ0.62 በጣም ከራቅሽ የቀዳዳውን ጠርዝ በቅርበት ፎቶ አንሺና ላኪው፤ አብረን እናየዋለን።